20 ዲግሪ የ10 ዲግሪ እጥፍ ነው? ስለ መጠነ ሙቀትና ስለ ልኬቶቹ

ሳባ_ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከክፍል ጓደኛዬ ጋር የያዝነው ክርክር አላልቅ ብሏል። እዚህ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት የአየሩ መጠነ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፤ ዛሬ 20 ሆነ። እሱ "ዛሬ ከትናንት በእጥፍ ሞቋል" ይላል። እኔ ደግሞ ቁጥሮቹን ወደ ፋራናይት ለወጥኳቸው። 10 ሴልሺየስ 50 ፋራናይት ነው፣ 20 ሴልሺየስ 68 ፋራናይት። 68 የ50 እጥፍ አይደለም፤ ጭማሪው ከሲሶ ትንሽ ያልፋል። ያው አየር፣ ያው ቀን፣ በአንዱ ልኬት እጥፍ፣ በሌላው ሲሶ። እንዴት ይሆናል?

ማን ነው ልክ? ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ቴርሞሜትር በትክክል የሚለካው ምንድን ነው?

ቁጥር_አይዋሽም

20 ለ10 ሲካፈል 2 ነው። ጓደኛሽ ልክ ነው። 20 ሜትር የ10 ሜትር እጥፍ ከሆነ፣ 20 ዲግሪም የ10 ዲግሪ እጥፍ ነው። ፋራናይትን ምን አመጣው?

የፊዚክስ_መምህር

ቁጥር፣ ሜትርን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ልዩነቱ ፍንትው ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የ10 ሜትርና የ20 ሜትር ገመድ ውሰድ። በሜትር፣ በክንድ፣ በስንዝር፣ በፈለግከው ለካቸው። አንደኛው ሁልጊዜ የሌላው እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱም የሁሉም መለኪያ ዜሮ አንድ ነው፤ ዜሮ ርዝመት ማለት ምንም ርዝመት የለም ማለት ነው።

ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ግን እንደዚያ አይደለም። በረዶ የሚቀልጥበትን ነጥብ ሰዎች ተስማምተው "ከዚህ እንጀምር" አሉ፣ በቃ። የፋራናይት ዜሮ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። የዓመት ቁጥርን አስብ። 2000 ዓ.ም. የ1000 ዓ.ም. እጥፍ ነው የሚል ሰው የለም፤ መቁጠሪያው የሚጀምርበት ቦታ ከተለወጠ ቁጥሮቹ ሁሉ ይለወጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የዓመታት ልዩነት ግን አይነቃነቅም።

ስታንሊ ስሚዝ ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1946 (እንደ አውሮፓውያን) ልኬቶችን በአራት መደባቸው። ስም ብቻ የሚሰጡ፣ ደረጃ የሚያወጡ፣ ልዩነትን የሚለኩ፣ እጥፍንም ጭምር የሚለኩ። ሴልሺየስና ፋራናይት ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። "ዛሬ በ10 ዲግሪ ጨምሯል" ማለት ያስኬዳል። "በእጥፍ ጨምሯል" ማለት ግን ትርጉም የለውም። ስህተት ነው ከማለትም ያልፋል፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

እጥፍ ማለት የሚያስኬደው እንደ ኬልቪን ባለ ልኬት ነው፤ ዜሮው እውነተኛ ዜሮ፣ ከዚያ በታች ቅዝቃዜ የሌለበት ፍጹም ዜሮ ነውና። ፍጹም ዜሮ ከሴልሺየስ ዜሮ በ273.15 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ስለዚህ 10 ዲግሪ 283.15 ኬልቪን ነው፣ 20 ዲግሪ ደግሞ 293.15። ጭማሪው ከመቶ 3.5 ገደማ ብቻ።

የ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ትክክለኛ እጥፍ ስንት ይመስላችኋል? 283.15ን በ2 አባዙት፣ 566.3 ኬልቪን ይሆናል። ወደ ሴልሺየስ መልሱት። 293.15 ዲግሪ! የወጥ ቤት ምድጃ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ሳባ_ተማሪ

መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። በፋራናይት መንገድም ሄጄ ፈተሽኩት። ፍጹም ዜሮ በፋራናይት ከዜሮ በታች 459.67 ነው። 50 ላይ ብደምረው 509.67። እጥፉ 1019.34። 459.67 ስቀንስ 559.67 ፋራናይት። ይሄ ደግሞ በሴልሺየስ 293.15 ነው! በሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ደረስኩ። አሁን ነገሩ ገባኝ።

ግን እነዚህን ዜሮዎች ማን መረጣቸው? 32 የሚባል ቁጥርስ ከየት መጣ?

የድሮ_መዝገብ

ይሄን ለእኔ ተዉልኝ፣ የምወደው ታሪክ ነው።

ዳንኤል ጋብሪኤል ፋራናይት በ1686 በዳንዚግ ከተማ ተወለደ፤ የዛሬዋ የፖላንድ ግዳንስክ ናት። ሥራው ሳይንሳዊ መሣሪያ መሥራት ነበር። ትልቁ ችሎታው ሁለት ቴርሞሜትር ሠርቶ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያሳዩ ማድረጉ ነው። ዛሬ ይሄ ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ምልክት ስለሚያደርግ፣ የአንዱን ንባብ ከሌላው ጋር ማስተያየት አይቻልም ነበር። በ1724 ባሳተመው ጽሑፍ ሦስት ነጥብ ጠቀሰ። በረዶ፣ ውሃና ጨው ሲደባለቁ የሚደርሱበት ቅዝቃዜ 0፤ በረዶና ውሃ ብቻ 32፤ የጤነኛ ሰው ገላ 96። 32ን ከ96 ብትቀንሱ 64 ይቀራል። 64 ደግሞ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ እየተባለ እስከ 1 ድረስ ይከፈላል። በእጅ ምልክት ለሚያደርግ ሰው ምቹ ነው። በኋላ ልኬቱ ውሃ 212 ላይ እንዲፈላ ሆኖ ሲስተካከል፣ የገላ ሙቀት ከ96 ከፍ አለ።

አንደርስ ሴልሺየስ ደግሞ የስዊድን የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፤ የኡፕሳላ ሰው። በ1742 ባቀረበው ልኬት ዜሮ ውሃ የሚፈላበት፣ 100 በረዶ የሚቀልጥበት ነበር። አዎ፣ የተገለበጠ! በእሱ ልኬት አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። በ1744 ሞተ፤ ልኬቱ ዛሬ በምናውቀው መንገድ የተገለበጠው ከእሱ በኋላ ነው። ፈረንሳይ ሊዮን ውስጥ ዣን ፒየር ክሪስተን የተባለ ሰው በ1743 ቀጥ ያለውን ልኬት ለብቻው አቅርቦ ነበር።

ይሄን የማነሳው ለወሬ ያህል አይደለም። የተገለበጠው ልኬት አንዳች ስህተት አልነበረበትም። ዛሬም ብንጠቀምበት ይሠራል። የቁጥሩ አቅጣጫ ሳይቀር የሰው ምርጫ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ለእኔ ግን የሴልሺየስ ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። የበረዶ መቅለጫ ከቦታ ቦታ እንደማይለያይ፣ የውሃ መፍያ ግን ከአየር ግፊት ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ በጥንቃቄ ለክቶ አሳይቷል። ከባሕር ጠለል በየ300 ሜትሩ ከፍ ሲባል የውሃ መፍያ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ "ውሃ የሚፈላበት" ብሎ ምልክት ማድረግ በየት ግፊት የሚለውን ካልጨመረ ባዶ ነው።

ሬዮሙር የሚባል ልኬትም ነበር፣ ከ1730 ጀምሮ። በረዶ 0፣ የሚፈላ ውሃ 80።

ቁጥር_አይዋሽም

እሺ፣ ዜሮው ምርጫ ይሁን። እኔን የሚከነክነኝ በዜሮና በመቶ መካከል ያለው ነው። ሁለት ጫፍ ምልክት አድርገን መካከሉን 100 ቦታ እኩል ከፈልን እንበል። ሜርኩሪው ግን በእያንዳንዱ ዲግሪ እኩል መስፋቱን በምን አወቅን? ለማረጋገጥ ሌላ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። የዚያኛውን ትክክለኛነትስ በምን እናረጋግጣለን? ክብ ላይ እንደመሽከርከር ነው።

ልኬት_ላብ

ቁጥር፣ በዚህ ክር ውስጥ ከተነሱት ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ሥራዬ ቴርሞሜትር ካሊብሬት ማድረግ (ንባቡን ከታመነ መለኪያ ጋር ማመሳከር) ስለሆነ በየቀኑ የምጋፈጠው ነገር ነው።

ጥርጣሬህ መሠረት አለው። ሜርኩሪና አልኮል ውሰድ። ሁለቱንም በረዶ ውስጥ 0፣ ከፍ ያለው ነጥብ ላይ 100 ብለህ ምልክት አድርግ፤ መካከሉንም እኩል ክፈል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አብረህ ክተታቸው። ሜርኩሪው 50 ሲል አልኮሉ በርካታ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ። ጫፎቹ ላይ ይስማማሉ፣ መሀል ላይ ይጣላሉ።

ውሃ ደግሞ ከነጭራሹ ያሳስታል። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ውሃ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ከ4 በኋላ ነው መስፋት የሚጀምረው። በውሃ የተሠራ ቴርሞሜትር 0 ላይና 8 ላይ ከሞላ ጎደል አንድ ከፍታ ያሳይሃል። እየሞቀ ሳለ "እየቀዘቀዘ ነው" የሚል መሣሪያ ማለት ነው።

ታዲያ ከክቡ እንዴት ተወጣ? ቀስ በቀስ ነው የተወጣው። በመጀመሪያ እጃችን ነበር፤ ሞቃት፣ ቀዝቃዛ ይላል። ከዚያ ቱቦ ውስጥ ያለ ፈሳሽ መጣ፤ ቁጥር ባይሰጥም የትኛው እንደሚበልጥ በደንብ ይለያል። እሱ ደግሞ አንዳንድ ነገሮች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንደሚቀልጡ አሳየን። በእነዚያ ቋሚ ነጥቦች ላይ ቁጥር ተተከለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሄንሪ ቪክቶር ሬኞ በጣም አድካሚ ሥራ ሠራ። ምንም ንድፈ ሐሳብ ሳይመርጥ አንድ ዓይነት መሣሪያዎችን እርስ በርስ አወዳደረ። ራሱን የማይቃረነው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። የተሻሉት የጋዝ ቴርሞሜትሮች ሆነው ተገኙ።

ጋዝን ዝግ ዕቃ ውስጥ ከተህ ስታሞቀው ግፊቱ ይጨምራል። ሳሳ ያለ ጋዝ ከሆነ፣ በየአንዳንዱ ዲግሪ የሚጨምረው በ0 ዲግሪ ከነበረው ግፊት 1/273 ያህል ነው። ሃይድሮጂንም ይሁን ናይትሮጂን፣ ከሞላ ጎደል ያው ነው። መስመሩን ወደ ታች ብትስበው ግፊቱ ዜሮ የሚሆነው ከዜሮ በታች 273.15 ላይ ነው። መምህር ያነሳው እውነተኛ ዜሮ በዚህ መንገድ ነው ብቅ ያለው። ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በ1848 ከዚያም አለፈ። ልኬቱ በማንኛውም ፈሳሽ ወይም ጋዝ ባሕርይ ላይ ሳይንጠለጠል፣ ሙቀት ወደ ሥራ ከሚለወጥበት ሕግ ብቻ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ።

አሁን በእጅ ስለሚሠራው ላውራ። የበረዶ ነጥብ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል፣ ግን ብዙ ሰው ያበላሸዋል። በረዶው ከንጹሕ ውሃ የተሠራ ይሁን፣ በደንብ ይደቅ። ዕቃው አፉ ድረስ በበረዶ ይሞላ። ውሃ የሚጨመረው በበረዶው መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ብቻ ነው። በረዶው ተንሳፎ ከታች ውሃ ከተጠራቀመ፣ ታች ያለው ውሃ ከዜሮ በላይ ሊሆን ይችላል፤ አራት ዲግሪ ያለው ውሃ ከባዱ ነውና ይሰምጣል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ መሀል ላይ ይቀመጥ፤ ግድግዳውንም ታችኛውንም አይንካ። አማስሉት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ትንሽ ጨው እንኳ ከገባ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በጥንቃቄ ከተሠራ ከዲግሪ መቶኛ እምብዛም የማይርቅ ዜሮ ታገኛላችሁ፤ ያለ ምንም ውድ መሣሪያ።

ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አለን። በመስታወት ታሽጎ በረዶ፣ ውሃና የውሃ ተን አብረው የሚኖሩበት ዕቃ ነው። ሦስቱ አብረው የሚቆዩት በአንድ መጠነ ሙቀት ብቻ ነው፣ 0.01 ዲግሪ ሴልሺየስ። ወደ ላይ ስንወጣ ንጹሕ ብረቶች አሉ። ጋሊየም 29.7646 ላይ ይቀልጣል፣ ዚንክ 419.527 ላይ ይረጋል፣ ብር 961.78፣ ወርቅ 1064.18። በ1990 የወጣው ዓለም አቀፍ ልኬት በእነዚህ ነጥቦች ላይ የቆመ ነው። እስከ ብር ነጥብ ድረስ በነጥቦቹ መካከል የሚያነበው ፕላቲኒየም ነው። ሽቦው ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል። በፋብሪካ የተለመደው ፒቲ100 የሚባለው 0 ላይ 100 ኦም፣ 100 ዲግሪ ላይ 138.5 ኦም ነው።

ሳባ_ተማሪ

ዋው! ግን ልኬት፣ አሁንም ፍጹም ልቤ አላረፈም። ግፊት ለካን፣ ኦም ለካን፣ የሜርኩሪ ርዝመት ለካን። መጠነ ሙቀት ራሱስ ምንድን ነው?

የፊዚክስ_መምህር

ሳባ፣ ሁለት መልስ አለው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አንደኛው፦ ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲቆዩ፣ በመካከላቸው የሙቀት ፍሰት ሲቆም የሚጋሩት ነገር መጠነ ሙቀት ይባላል። ቴርሞሜትር የሚያነበው መጀመሪያ የራሱን ነው። አፍህ ውስጥ ያለው መሣሪያ አፍህን እስኪመስል ትጠብቃለህ፤ ለዚያ ነው ቶሎ ማውጣት የማይገባው።

ሁለተኛው፦ ጋዝ ውስጥ ከሆነ፣ ሞለኪውሎቹ በመንቀሳቀሳቸው ያላቸው አማካይ ኢነርጂ ነው። በክፍል ውስጥ ያሉ የናይትሮጂን ሞለኪውሎች በሴኮንድ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወረወራሉ። ኬልቪኑ በእጥፍ ሲጨምር አማካይ ኢነርጂያቸው እጥፍ ይሆናል። "እጥፍ" የሚለው ቃል ሥጋ የሚለብሰው እዚህ ነው።

አማካይ የሚለውን ግን እንዳትዘነጊው። አማካይ እንጂ ድምር አይደለም። ብረት ሲሞረድ የሚፈናጠረውን ብልጭታ አይተሽ ታውቂያለሽ? እያንዳንዷ ቅንጣት ከ1000 ዲግሪ በላይ ልትሆን ትችላለች። እጅ ላይ ብታርፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆንጠጥ አድርጋ ትጠፋለች፤ ክብደቷ ኢምንት ስለሆነ የያዘችው የሙቀት ኢነርጂ ትንሽ ነው። አንድ ድስት የፈላ ውሃ ግን 100 ዲግሪ "ብቻ" ሆኖ ክፉኛ ያቃጥላል። መጠነ ሙቀት ሌላ፣ የሙቀት ኢነርጂ ሌላ።

ይሄን ልዩነት አጥርቶ ያሳየው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነው። በረዶ እየቀለጠ ሳለ ሙቀት ያለማቋረጥ ይገባበታል፣ ቴርሞሜትሩ ግን ዜሮ ላይ ይቆማል። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። በዚያው ኢነርጂ የቀለጠውን ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ማሞቅ ይቻላል። ይሄ ሁሉ ሲገባ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም! ልኬት_ላብ የበረዶ ዕቃውን የሚያምነው ለዚህ ነው፤ ትንሽ ሙቀት ቢገባም ዜሮውን አይለቅም።

እጃችንም ቴርሞሜትር አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ብረትና እንጨት እኩል መጠነ ሙቀት አላቸው። ብረቱ የሚቀዘቅዘን ሙቀታችንን ቶሎ ስለሚወስድ ነው።

ነርሷ_ነኝ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሥራዬ ጋር ስለሚገናኝ። በፋራናይት በሚጠቀሙ ጽሑፎች ላይ የጤነኛ ሰው ሙቀት "98.6" ተብሎ ይጻፋል። ነጥብ ስድስቷ በጣም የተራቀቀች ትመስላለች። ግን የጀርመኑ ሐኪም ካርል ቩንደርሊኽ በ1868 የሰጠው ቁጥር 37 ሴልሺየስ ነው፣ ድፍን ቁጥር። 37ን ወደ ፋራናይት ስትለውጡት 98.6 ይወጣል። ጥራቷ ከልኬቱ የመጣ አይደለም፣ ከማባዛቱ ነው።

ይሄ በሥራ ላይ ጉዳት አለው። የሰው ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ይለያያል፤ በብብትና በአፍ ሲለካም አንድ አይሆንም። 37.2 አይቶ የሚደነግጥ ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ። እባካችሁ ከቁጥሩ ጋር የት እንደተለካና በስንት ሰዓት እንደተለካ ጻፉ። ለሐኪሙ በጣም ይጠቅመዋል።

ኮድ_ጻፊ

እኔ ደግሞ በፕሮግራም ውስጥ ደጋግሜ የማየው ስህተት አለ። የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨመረ ሲባል፣ አንዳንዱ 1.8 ያባዛና 32 ይደምርበታል። 34.7 ፋራናይት ጨመረ! ልዩነት ሲለወጥ 32 አይደመርም፤ 2.7 ፋራናይት ነው ትክክሉ። 32 የምትደመረው የዜሮዎቹን ቦታ ለማስተካከል ነው። ልዩነት ላይ ዜሮዎቹ ተቀናንሰው ይጠፋሉ።

ኮዳችሁን ለመፈተሽ ደግሞ ከዜሮ በታች 40 አስገቡ። ሁለቱም ልኬቶች የሚገናኙት እዚያ ብቻ ነው።

የድሮ_መዝገብ

ስለ ኬልቪን አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ። ከ1954 ጀምሮ ኬልቪን የሚተረጎመው ልኬት_ላብ በጠቀሰው፣ በረዶ፣ ውሃና ተን አብረው በሚኖሩበት ነጥብ ነበር፤ የዚያ መጠነ ሙቀት 1/273.16። ከግንቦት 20 ቀን 2019 (እንደ አውሮፓውያን) ወዲህ ግን ውሃ ከትርጉሙ ወጥቷል። አሁን መጠነ ሙቀትን ከሞለኪውሎች ኢነርጂ ጋር የሚያያይዘው የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር 1.380649 × 10⁻²³ ጁል በኬልቪን ተብሎ ተቆርጧል፤ ኬልቪን ከእሱ ይወጣል። መምህር ያለው የሞለኪውሎች ኢነርጂ ራሱ ትርጉሙ ሆነ ማለት ነው። "ዲግሪ ኬልቪን" ማለትም ከ1967 በኋላ ቀርቷል፣ ኬልቪን ብቻ ነው።

ቁጥር_አይዋሽም

ክሩ ጥሩ ቦታ ደረሰ። እኔ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ከርቀት የሚለካውን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ውሃ የፈላበት የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ድስት ጎን ላይ ባነጣጥረው 40 ምናምን ይለኛል። ውሃው ግን እየተንተከተከ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?

ልኬት_ላብ

መሣሪያው ደህና ሊሆን ይችላል። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ድስቱን አይነካም፣ ከላዩ የሚወጣውን ጨረር ነው የሚቆጥረው። የተወለወለ አሉሚኒየም ደግሞ ጨረር በጣም ጥቂት ነው የሚያወጣው። አብዛኛው የምታየው የክፍሉ ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይጎተታል።

ጥቁር ናስትሮ ቁረጥና ድስቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ጎኑ ላይ ለጥፍ፤ ውሃው ካለበት ከፍታ በታች ይሁን፣ ከእሳቱም ራቅ ይበል። መሣሪያህ የኢሚሲቪቲ (ዕቃው ጨረር የማውጣት አቅም) ማስተካከያ ካለው 0.95 ላይ አድርገው። ውሃው ሲፈላ ናስትሮው ላይ ብቻ አነጣጥር፤ ቀረብ በል፣ የሚያየው ክብ ከናስትሮው እንዳይሰፋ። ወደ ውሃው መፍያ የሚጠጋ ቁጥር ካገኘህ መሣሪያው ደህና ነው። ካላገኘህ ወደ በረዶው ዕቃ ሂድና እዚያ ከሌላ ቴርሞሜትር ጋር አወዳድረው፤ ያገኘኸውን እዚህ ጻፍልን።